የጠብታ ደብተር፦ የቀን ማተሚያው ሄድ ስዕል እስኪያትም

ሚያዝያ 24

ማሽኑ ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ገባ። ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ። የእህቴ ልጅ ግማሹን አቅፎ፣ ግማሹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እዚሁ ድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ አመጣው።

የታሸገ ዕቃ ላይ ቀን የሚያትም ማሽን ነው። የውሃ ጠርሙስ አንገት ላይ በነጠብጣብ የተጻፈ ቁጥር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ የእሱ ዓይነት ሥራ ነው። አንድ ፋብሪካ ፓምፑ ሲሞትበት አውጥቶ ጣለው። እኔ በቆራሌ ዋጋ ገዛሁት።

ባነርና ካርድ የማትምበት ቤት አለኝ። ጤነኛ ፕሪንተርም አላጣሁም። ባለቤቴ «ታዲያ ይሄ ለምን አስፈለገ?» አለች። ወረቀቱን ሳይነካ ከሩቅ የሚያትም ሄድ (ቀለሙን የሚተፋው የማሽኑ ራስ) ነው፤ ጆንያ ላይ፣ ጣውላ ላይ፣ ሸካራ ነገር ላይ ሁሉ ያትማል አልኳት። እውነቱ ግን ሳየው አላስቻለኝም ነበር። ለአሁኑ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የለገሀሬን ባቡር ጣቢያ ፎቶ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርጌ በዚህ ሄድ ማተም።

ለማያውቀው ሰው አሠራሩን ልንገር። ቤት ያለው ኢንክጀት ፕሪንተር ጠብታ የሚተፋው ሲፈለግ ብቻ ነው። ይሄኛው አያቋርጥም። ቀለሙ በግፊት ተገፍቶ 70 ማይክሮን ከሆነች ቀዳዳ፣ የፀጉር ውፍረት ካላት ማለት ነው፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከኋላው ያለ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚንቀጠቀጥ ፒዞ ክሪስታል በሰከንድ 64,000 ጊዜ ይርገበገባል። ክሩ በዚያው ምት እየተበጠሰ እኩል እኩል ጠብታ ይሆናል። የሚበጠስበት ቦታ ላይ ትንሽ የብረት ቦይ አለች። ልክ በመበጠሻው ቅጽበት ቦይዋ ላይ ቮልቴጅ ካለ ጠብታዋ ቻርጅ ይዛ ትለያለች። ከዚያ 4 ኪሎ ቮልት ባለባቸው ሁለት ሳህኖች መካከል ታልፋለች። ቻርጅ የያዘችው ታጥፋ ወረቀት ላይ ታርፋለች። ያልያዘችው ቀጥ ብላ አሸንዳ ውስጥ ትገባና ወደ ጋኑ ትመለሳለች። አሸንዳ ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራው ከጣሪያው አሸንዳ አይለይም።

ክር የሆነ ውሃ ለምን እንደሚበጠስ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1878 በሒሳብ አስረድቷል። ጠብታን ቻርጅ አድርጎ በኤሌክትሪክ እያጠፉ መጻፍን ደግሞ ሪቻርድ ስዊት በ1960ዎቹ ስታንፎርድ ውስጥ አሳየ። እኔ ዛሬ ያደረግኩት ክዳኑን የያዙ 14 ብሎኖች መፍታት ብቻ ነው። ሁለቱ ዝገው እምቢ አሉ።

ሚያዝያ 26

ውስጡ የቀረው ቀለም ሽታ ራስ ያዞራል። ሟሟው ኤም.ኢ.ኬ. ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን ዘመድ በሉት። ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። እኔ ደግሞ አጠገቡ 4 ኪሎ ቮልት ይዤ ስነካካ ልውል ነው። በድሬ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ቤት። አይሆንም! ግቢ አውጥቼ አጠብኩት፤ ከእንግዲህ የሚሠራው በውሃ ነው።

ፓምፑ አልተረፈም። ጋኑን በአየር ልገፋው ነው። ሰፈር ያለው ጎሚስታ አሮጌ ኮምፕረሰሩን አከራየኝ። ከፍተኛ ቮልቴጁን የሚያወጣው ካርድ ግን በሕይወት አለ። የማሽኑን አእምሮ ነቅዬ በራሴ ማይክሮኮንትሮለር ተካሁት። ቦይዋ ላይ ከ0 እስከ 300 ቮልት እንደፈለግኩ ማዘዝ እችላለሁ።

ሚያዝያ 29

ዛሬ ጠብታ በዓይኔ አየሁ።

ግፊቱ 3 ባር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ክሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። በባዶ ዓይን የተወጠረ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይመስላል፤ የሚንቀሳቀስም አይመስልም። ከጀርባው አንድ ኤልኢዲ አቆምኩና ከፒዞው ጋር እኩል፣ በሰከንድ 64,000 ጊዜ፣ ብልጭ ድርግም እንዲል አደረግኩት። በዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ ስመለከት ክሩ ጠፋ። በቦታው የቆሙ ጠብታዎች ተደርድረዋል። ቆመው! እንደ መቁጠሪያ። እያንዳንዷ ብልጭታ የምታገኘው ሌላ ጠብታ ነው፤ ግን በዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ ዓይን ይታለላል። የኤልኢዲውን ምት በጥቂቱ ዝቅ ሳደርገው መቁጠሪያው በዝግታ መሄድ ጀመረ። የእህቴ ልጅ «አቦ፣ ይሄ አስማት ነው!» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ከአንዷ ጠብታ እስከ አሥራ አንደኛዋ 3.1 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ጠብታ መካከል 0.31 መሆኑ ነው። በ64,000 ሲባዛ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ፍጥነቱ ይኸው። በሬይሊ ሒሳብ ክር ቶሎ የሚበጠሰው የሞገዱ ርዝመት የክሩን ውፍረት 4.5 እጥፍ ሲሆን ነው። 70 ማይክሮን በ4.5፣ 315 ማይክሮን። የፋብሪካው መሐንዲስ 64,000ን ከሰማይ አላወረደውም ማለት ነው።

ፒዞውን በደካማው ስነዳው ከትልቋ ጠብታ ኋላ አንዲት ጥቃቅን ጭራ ትቀራለች። እሷ ቻርጅ ከያዘች የትም ትበራለች፤ ሳህኖቹን የሚያረጥበው የእሷ ብናኝ ነው። ጠንከር ሳደርገው ጭራዋ ወደ ፊት ሮጣ ትልቋ ውስጥ ተመልሳ ትገባለች። ምልክት አደረግኩበት።

ግንቦት 1

ቀዳዳው ተደፈነ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ የቧንቧ ውሃ ነው የሞላሁት። የድሬን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በጥቂት ሳምንት ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ለ70 ማይክሮን ቀዳዳማ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሄዱን ነቅዬ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

ግንቦት 2

አቼቶው ሠራ። አሁን የባትሪ ውሃ ሞላሁ፤ የተጣራ ስለሆነ ድንጋይ አያመጣም። ክሩ አማረ፣ ጠብታው አማረ። ቦይዋ ላይ አንዷን ጠብታ እየዘለልኩ 200 ቮልት፣ ሳህኖቹ ላይ 4 ኪሎ ቮልት ሰጠሁ።

ጠብታዎቹ ቀጥ ብለው አሸንዳ ገቡ። ትንሽ ፈራ ተባ ያሉ ይመስላሉ እንጂ የታጠፈ የለም። ሽቦ ለካሁ፣ ካርዱን ለካሁ፣ ሁሉም ደህና። ሁለት ሰዓት ተቃጠለ። ምሳ ቀርቦ ወጥ ላይ ጨው ስነሰንስ ነው የገባኝ።

ቻርጁ ጠብታዋ ጋ የሚደርሰው በውሃው ክር ውስጥ ተጉዞ ነው። ክሩ ሽቦዬ ነው። አንድ ጠብታ እስክትበጠስ ያለው ጊዜ 15.6 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። የባትሪ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ በወጉ አያስተላልፍም። ቻርጁ መንገድ ላይ እያለ ጠብታዋ ተበጥሳ ትሄዳለች። በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ጨው ጨመርኩ፤ በሁለት ጣት ቆንጠር የምትደረግ ናት። ክሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ አሸንዳ፣ አንዱ ወደ ላይ፤ ወረቀቱ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ አረፈ። እጄ ላይ የቀረውን ምግብ ሳልጠርግ ጮህኩ። ባለቤቴ የሆነ ነገር የነዘረኝ መስሏት እየሮጠች መጣች።

200 ቮልት ለ2.5 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ቮልት ለ0.25 ማለት ነው። ጠብታዋ 0.13 ሚሊ ሜትር ወፍራም ናት፣ ወረቀት ላይ ስትዘረጋ 0.25 ትሞላለች። ሒሳቡ ራሱ ተሰካካ። አሥር ረድፍ ይኖረኛል፦ ከ100 ቮልት ጀምሮ በ20 እየዘለለ እስከ 280። አንድ ጉዞ 2.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያትማል። አርባ ጉዞ 10 ሴንቲ ነው።

ግንቦት 3

ከላይ ያለው ሳህን ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አላየሁትም። ጧ! አለ። አንድ ማይክሮኮንትሮለር ሞተ። በከፍተኛ ቮልቴጁ መስመር ላይ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ጨመርኩ፤ ከእንግዲህ ቢፈነዳም ከ0.4 ሚሊ አምፔር በላይ አያልፍም። ዓይኔን ግን አሁንም ጨፍኜ ነው የማበራው።

ግንቦት 6

ወረቀቱ የሚጠመጠምበትን ከበሮ ጋሼ ሠሩልኝ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ቶርኖ ሠራተኛ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩት።

«ይሄን ሽንት ቤት ነው የሚያውቀው።»

«እርስዎ ካስተካከሉት ስዕል ያትምበታል፣ ጋሼ።»

ከሁለቱም ጫፍ የእንጨት ታኮ ከትተው፣ መሃሉን በስተው፣ ላዩን ላጡት። ሲሽከረከር የሚዋልለው ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ሲያልቅ እንዳሳያቸው ብቻ አስጠነቀቁኝ።

ወረቀቱ ከበሮው ላይ ይጠመጠማል። በሰከንድ አንድ ዙር። ጋሪው ሄዱን ተሸክሞ በ8 ሚሊ ባለ ጥርስ ዘንግ ላይ ይሄዳል። የዘንጉ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቴ ሲዞር 2.5፣ ልክ አንድ ጉዞ። ይህን ቁጥር ሳላቅድ ነው ያገኘሁት፣ ግን ሰው ሲጠይቀኝ አቅጄ ነው እላለሁ። ከበሮው የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ዲስክ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከገዛሁት የተሰበረ ፕሪንተር የወጣ ነው።

ግንቦት 8

የዛሬው ነገር ፌዝ ይባላል፤ በአንድ ምት ውስጥ የትኛው ቅጽበት ላይ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ፌዝ ቀልድ ነው፤ ይሄኛው ግን ቀልድ አያውቅም።

ቮልቴጁ ቦይዋ ላይ መገኘት ያለበት ጠብታዋ በምትበጠስበት ቅጽበት ነው። ቀደም ብሎ ወርዶ ከሆነ ቻርጁ በክሩ ተመልሶ ሾልኳል። ዘግይቶ ከመጣ ጠብታዋ ሄዳለች። እየተለወጠ ሳለ ከተበጠሰች ደግሞ ግማሽ ቻርጅ ትይዛለች፤ ይሄ ከሁሉም ይብሳል፣ አንዷ እዚህ አንዷ እዚያ ታርፋለች።

15.6 ማይክሮ ሰከንዱን ስምንት ቦታ ከፈልኩት። በየተራ በግማሽ ምት ብቻ ቮልቴጅ እየሰጠሁ አየሁ። በሦስቱ ላይ ጠብታው ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል። በሦስቱ ላይ ጭራሽ አይነቃነቅም። በቀሩት ሁለት ላይ ክሩ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። ከሚሠሩት ሦስቱ መሃለኛውን መረጥኩ፤ አራተኛውን። የመጀመሪያው ሙከራ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ታተመ፤ አሥር ቀጥ ያሉ መስመሮች። ፎቶ አንስቼ ለሁሉም ላክሁ።

ግንቦት 9

ከቀኑ 8 ሰዓት። ከተማው በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ ተኝቷል። ቤቱ ውስጥ 36 ዲግሪ። ትናንት ቀጥ ያሉት መስመሮች ዛሬ ጢም አብቅለዋል። ምንም አልነካሁም። ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ፊደል አልተለወጠም።

ማይክሮስኮፑን መልሼ ተከልኩ። የመበጠሻው ቦታ ሸሽቷል። ማታ 24 ዲግሪ ነበር። ከ24 ወደ 36 ሲወጣ የውሃ ዝልግልግነት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፍጥነቱም ይነካል፣ የፒዞው ንዝረትም። አንድ ሙሉ ምት 0.31 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስምንተኛው 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክሩ በዚህች ታህል ካጠረ ወይም ከረዘመ የመረጥኩት ቁጥር አንድ ቤት ይንሸራተታል። የዛሬው ትክክለኛ ፌዝ አራተኛው ሳይሆን ስድስተኛው ሆኖ ተገኘ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አምስተኛው። እኩለ ሌሊት ላይ ተመልሶ አራተኛው።

እስከ ዛሬ ካሊብሬሽን ማለት አንዴ አስተካክሎ ቁጥሩን መጻፍ ይመስለኝ ነበር። ድሬ ውስጥ የሌሊት ቁጥር ለቀን አያገለግልም። ማሽኑ ራሱን እየጠየቀ መሥራት አለበት።

ግንቦት 13

ጠየቀ! አራት ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጠብታዎቹ 10 ቮልት ብቻ ብሰጥ የሚታጠፉት በጣም ትንሽ ስለሆነ አሁንም አሸንዳው ውስጥ ይገባሉ። ቻርጃቸውን ግን ይዘው ነው የሚገቡት። የአሸንዳውን ቱቦ ከማሽኑ አካል በፕላስቲክ ለየሁትና ሽቦ አሰርኩበት። በእኔ ስሌት መፍሰስ ያለበት 4 ናኖ አምፔር ገደማ ነው። ቴስተር ይህን አያይም። ቲኤል 072 ከተባለ ኦፕ-አምፕ (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) እና ከ100 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ጋር ሳገናኘው 0.4 ቮልት ሆኖ ወጣ።

መጀመሪያ ያየሁት 0.4 ቮልት ሳይሆን የመብራት ኃይል ጉምጉምታ ነበር፤ 50 ሄርዝ ሁሉን ዋጠው። ኦፕ-አምፑን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ቆርቆሮውን መሬት ሳስረው ጸጥ አለ።

ወረቀቱ ከከበሮው ዙሪያ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። በእያንዳንዱ ዙር ባዶው ፊቱን ሲያዞር ማሽኑ ስምንቱን ፌዝ በ10 ቮልት ይሞክራል። ትልቁን ቁጥር ያመጡትን ይለያል፣ መሃለኛውን ይይዛል፣ ወረቀቱ ሲመለስ በእሱ ያትማል። ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳላጠፋ አስኬድኩት። ፌዙን አምስት ጊዜ ቀየረ። መስመሮቹ አልነቃነቁም።

ግንቦት 15

መስመር ሌላ፣ ስዕል ሌላ። ፎቶውን ስልክበት ጭጋግ ውስጥ ያለ ቤት መጣ። ነጠላ ነጥቦች ቦታቸውን ይይዛሉ፣ በዛ ብለው ሲመጡ ይራበሻሉ።

ቻርጅ የያዘች ጠብታ ከተበጠሰች በኋላም ለኋለኛዋ ቅርብ ናት፣ 0.31 ሚሊ ሜትር። ልትበጠስ ባለችው ላይ ተቃራኒ ቻርጅ ትጎትታለች። ለካሁት፦ 280 ቮልት ከተሰጣት ኋላ የመጣች ባለ ዜሮ ጠብታ ወደ ተቃራኒው ወገን 0.4 ሚሊ ሜትር ትጠማለች። ምንም ሳታደርግ በጎረቤቷ ጦስ! አንዳንዶቹ የአሸንዳውን ከንፈር እየመቱ ይረጩ ነበር። ሳህኖቹ ለምን በየሰዓቱ እንደሚረጥቡ አሁን ገባኝ።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። በሚታተሙት መካከል ሁለት ሁለት የማይታተሙ ጠብታዎች አስገባሁ፣ ዘበኛ በሏቸው። አንድ ዓምድ 30 ጠብታ ይፈጃል፣ ለፍጥነቴ ይበቃል። ለመጀመሪያዋ ዘበኛ ደግሞ ዜሮ ሳይሆን ከፊቷ ያለችው የምታመጣባትን የሚያጠፋ ትንሽ ቮልቴጅ እሰጣታለሁ። ከ280 ኋላ 30 ቮልት ገደማ። አሁን ቀጥ ብላ ትገባለች።

ግንቦት 17

አየሩም አለ። ብቻዋን የምትበር ጠብታ አየሩን ራሷ ትሰነጥቃለች። ትዘገያለች፣ ሳህኖቹ መካከል ትቆያለች፣ ይበልጥ ትታጠፋለች። ከሌላ ኋላ የምትሄደው የተከፈተ መንገድ ታገኛለች። አምስተኛው ረድፍ ብቻውን ሲታተም 2.25 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፣ ከፊቱ ሁለት ሲታተሙ 2.12 ላይ። ግማሽ ረድፍ መሆኑ ነው።

ቅደም ተከተሉን ከ1፣ 2፣ 3 ወደ 1፣ 6፣ 2፣ 7፣ 3፣ 8 ቀየርኩት። ተከታዮቹ በአየር ላይ ይራራቃሉ። ለቀረው ስህተት ሠንጠረዥ ሠራሁ። ከፊቷ ያሉት ሁለቱ ታትመዋል ወይስ አልታተሙም? አራት ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ለአሥር ረድፍ 40 ቁጥር። የሙከራ ወረቀት እያተምኩ፣ በ600 ዲፒአይ ስካን እያደረግኩ፣ እየለካሁ ሞላሁት። የእህቴ ልጅ ይጽፋል፣ እኔ እጠራለሁ። በ23ኛው ቁጥር ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ግንቦት 20

የጎሚስታው ኮምፕረሰር ሲነሳና ሲያርፍ ስዕሉ ይተነፍሳል። ግፊቱ 4 በመቶ ሲወርድ ፍጥነቱ 2 በመቶ ይወርዳል፣ ጠብታዋ ግን 4 በመቶ ገደማ ከፍ ብላ ታርፋለች። አሥረኛው ረድፍ ላይ 0.14 ሚሊ ሜትር፤ በጉዞና በጉዞ መካከል ነጭ ወይ ጥቁር ክር የሚያሰምረው እሱ ነው። ግፊቱን የሚያረጋጋ ሁለተኛ ሬጉሌተር ከመጀመሪያው ኋላ አስገባሁ። አለቀ።

ግንቦት 22

ቀለም ገባ። ለቤት ፕሪንተር መሙያ የሚሸጠው ጥቁር፣ ውሃ ላይ የተመሠረተው፣ ግማሽ በግማሽ ከባትሪ ውሃ ጋር። የሚሟሟው ዓይነት መሆን አለበት፤ ዱቄት ያለበት ይዘቅጥና ቀዳዳዬን ይበላዋል። ፌዙን ማሽኑ ራሱ አገኘው። 40ዎቹን ቁጥሮች ግን እንደ አዲስ ለካሁ፣ አንድ ሙሉ ቀን። ቀለሙ በሙቀቱ እየተነነ ስለሚወፍር በየሁለት ሰዓቱ የባትሪ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ።

ግራጫውን የማመጣው ነጥብ በማብዛትና በማሳነስ ነው፤ ፍሎይድና ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ዘዴ። ግማሽ ግራጫ ብዬ ያዘዝኩት 70 በመቶ ጠቁሮ ወጣ። ነጥቦቹ ክብ ስለሆኑና ስለሚዘረጉ እርስ በርስ ይደራረባሉ። አሥር የግራጫ ሣጥን አትሜ፣ ስካን አድርጌ፣ ፎቶውን በዚያው ልክ አስቀድሜ አነጣሁት።

ግንቦት 24

ከቀኑ 10 ሰዓት። 40 ዙር፣ 40 ሰከንድ። ከበሮው ሲቆም ወረቀቱን በሁለት እጄ ፈታሁት። ጣቢያው አለ። በሩ አለ፣ መስኮቶቹ አሉ፣ ከፊቱ ያለው አደባባይ ላይ የቆመች ባጃጅ እንኳ ትለያለች። ቀረብ ሲሉ ነጥብ ነው፣ ክንድ ያህል ሲርቁ ለገሀሬ ነው።

ሳይደርቅ ጋሼ ጋ ይዤ ሄድኩ። ቶርኖው አጠገብ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ቦታ አይተው አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ጥፍራቸውን ከታች ወደ ላይ ወረቀቱ ላይ እየጎተቱ አንድ ቦታ ሲደርሱ አቆሙ። ከመስኮቶቹ በላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«መብራት ብልጭ አለ፣ ጋሼ።»

«እና?»

«ሳህኖቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ለአንድ አፍታ ወረደ።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። ሻያቸውን አነሱ።

«ባትሪ ጨምርና ድገመው።»